ልጆቹ ይዩት ወይስ አይዩት?

በልደታ ማርያም አካባቢ ለወላጆች፣ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



 ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ አዳራሽ ስንሰበሰብ የለመድነው ስለ እህልና ስለ ዘይት፣ ስለ ደብተርና ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ ክትባትና ስለ ቤት ኪራይ መነጋገር ነው። አሁን ግን ስለ አንድ የቆየ ፊልም ልንነጋገር ነው። «ለዚህ ነው እንዴ የጠራችሁን?» የሚል ቢኖር አንቀየመውም። እኛም ከአንድ ዓመት በፊት እንዲሁ እንል ነበር።

አሳባችንን የለወጠው የራሳችን ጥፋት ነው፤ እርሱን ሳንሸፍን እንነግራችኋለን።

ባለፈው ዓመት ክረምት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት፣ ልጆቹ በየመንገዱ ከሚውሉ በግቢያችን ይዋሉ ብለን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም ማሳየት ጀመርን። በግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠርን፤ ፕሮጀክተር ተዋስን፤ ቆሎ አዘጋጀን። አንድ ቅዳሜ አንድ ሰው በፍላሽ ፊልም አመጣልን። «የልጆች ነው፤ ታሪኩ የእንስሳት ነው» አለን። እኛም ይህንኑ አምነን፣ አንድም ሰው አስቀድሞ ሳያየው፣ ከአምስት ዓመት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉትን ልጆች ሁሉ በአንድነት አስቀምጠን ከፈትነው። በመካከሉ እናቲቱ እንስሳ በእሳት ውስጥ ስትቀርና ግልገሏ ስትጠራት የሚያሳይ ቦታ ነበረ። ትልልቆቹ ዝም ብለው አዩት። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አላየችም፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። እኛ ያንቀላፋች መስሎን ነበር።

የዚህች ልጅ እናት ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ወጥታ፣ አትክልት አምጥታ በጉልት የምትሸጥ ናት። ልጅቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ብቻዋን አልቀርም አለች። «ቤቱ ቢቃጠልስ? አንቺ ባትመለሺስ?» እያለች የእናቷን ቀሚስ ይዛ ታለቅሳለች። እናቲቱም ሦስት ቀን ከገበያ ቀረች። ሦስት ቀን ከገበያ መቅረት ለእንዲህ ያለ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። በአራተኛው ቀን መጣች። አልጮኸችም። «እኔ ልጄን አደራ ብዬ ነው የሰጠኋችሁ፤ ምን አሳያችኋት?» ብላ ብቻ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ምን እንዳሳየናት እኛም በደንብ አናውቅም ነበርና።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር ፊልሙን ሁሉ ማቆም ነበር። ከእሳት የተረፈ ሰው ጢስ ባየ ቁጥር ይሸሻል፤ እኛም እንደዚያ ሆንን። ይሁን እንጂ ልጆቹን ከግቢያችን ማስቀረት ከፊልም አላስቀራቸውም። በየስልኩ አለ፤ በየጎረቤቱ አለ፤ በየካፌው ግድግዳ ላይ ሳይቋረጥ ይታያል። ስለዚህ ዘንድሮ ክረምት ሲቃረብ ጥያቄው ተመልሶ መጣ። አንድ ወጣት ሠራተኛችን «ኢንዲያና ጆንስን እናሳያቸው፤ እኔ በልጅነቴ አይቼው በጣም ወድጄዋለሁ» አለ። ሌላው ደግሞ ወዲያው ተቃወመ። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ይህን ክርክር እንዴት እንደ ፈታነውና ምን እንደ ተማርንበት ነው።

ስለ ፊልሙ ከመናገራችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። ከተማችን ከፊልም ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። ሲኒማ በምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር ይነገራል። በጨለማ ቤት ውስጥ ሥጋ የሌለው ሰው ሲራመድ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበለው? ከዚያ በኋላ አምባሳደር፣ አምፒር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ ራስ የሚባሉትን ስሞች የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አልነበረም። ቀጥሎም የቪዲዮ ቤቶች ዘመን መጣ። ከእናንተ መካከል በጠባብ ክፍል፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ፣ በሳንቲም የሕንድና የካራቴ ፊልም ያላየ ወንድ ልጅ ጥቂት ነው። ማን ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው በበሩ ላይ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሚጠየቀው ሳንቲሙ ነበር። ወጣቱ ሠራተኛችንም ፊልሙን ያየው እንደዚህ ባለ ቤት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም አመለካከቶች በመካከላችን አሉ። አንዳንዶቻችን በልባችን ውስጥ አሁንም «ሰይጣን ቤት» እንላለን፤ አንዳንዶቻችንም ሳንቲሙን ብቻ እንደሚጠይቀው በረኛ ነን። እኛ ከሁለቱም የተለየ መንገድ ፈለግን፤ ይኸውም አስቀድሞ ማየት ነው።

ፊልሙ «ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጠፋው ታቦት ዘራፊዎች» እንደ ማለት ነው። ስቲቨን ስፒልበርግ ያዘጋጀው ሲሆን የወጣው በ1973 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ነው። ዋናው ተዋናይ ሃሪሰን ፎርድ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። ኢንዲያና ጆንስ የሚባል የጥንት ቅርስ አጥኚ፣ የጀርመን ናዚዎች የቃል ኪዳኑን ታቦት አግኝተው የጦር መሣሪያ ሊያደርጉት መሆኑን ሰምቶ፣ ከእነርሱ ቀድሞ ለማግኘት ወደ ግብፅ ይሄዳል። ርዝመቱ 115 ደቂቃ ነው።

አምስት ሆነን ለማየት ተቀመጥን፤ ሁለት ሠራተኞች፣ አንድ ሽማግሌና ሁለት እናቶች። ከሁለቱ እናቶች አንደኛዋ ያቺው በጉልት የምትሸጠው እናት ነበረች። እንድትመጣ የለመንናት እኛ ነን፤ ከእርሷ የተሻለ መርማሪ አላገኘንምና። እያቆምን ስለ ጻፍን ከሦስት ሰዓት በላይ ወሰደብን።

በወረቀታችን ላይ የጻፍነውን በአጭሩ እንነግራችኋለን። ገና ሲጀመር በደቡብ አሜሪካ ጫካ ውስጥ በሹል እንጨት ተወግቶ የሞተ ሰው ሬሳ ይታያል፤ ትልልቅ ሸረሪቶች በሰው ጀርባ ላይ ይሄዳሉ። በኔፓል አንዲት ሴት በመጠጥ ውድድር ታሸንፋለች፤ መጠጥ ቤቱም ይቃጠላል። በካይሮ አንዲት ጦጣ የተመረዘ ተምር በልታ ትሞታለች። ከመሬት በታች ባለ ክፍል ውስጥ ወለሉን የሸፈኑ እባቦች አሉ። አንድ ግዙፍ ወታደር በአውሮፕላን ተሽከርካሪ ተመትቶ ይሞታል፤ ደሙ እንጂ ሰውነቱ አይታይም። በመጨረሻም ናዚዎቹ ታቦቱን ሲከፍቱት መናፍስት ይወጣሉ፤ የሰዎቹም ፊት እንደ ሰም ይቀልጣል።

ሽማግሌው እዚህ ላይ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «በቃ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» አሉ። ወጣቱ ሠራተኛ ደግሞ «ጋሼ፣ ይህን እኮ ልጆቹ በስልክ አይተውታል፤ እኛ ብንከለክል ብቻቸውን ያዩታል» አለ። ሁለቱም ውሸት አልተናገሩም። እዚያው ተሟግተን ብንለያይ ኖሮ ግን ጮኾ የተናገረው ያሸንፍ ነበር፤ ልጆቹም ምንም አይጠቀሙም ነበር።

በዚህ ጊዜ ያቺ እናት ያልጠበቅነውን ተናገረች። በካይሮ ገበያ ውስጥ አንድ ጥቁር የለበሰ ሰው ትልቅ ጎራዴ እያሽከረከረ ከኢንዲያና ጆንስ ፊት ይቆማል። ኢንዲያና ጆንስም ተሰላችቶ ሽጉጡን ያወጣና ተኩሶ ይጥለዋል። ይህ ቦታ በዓለም ዙሪያ ተመልካቹን ሁሉ ያሳቀ ነው፤ እኛም ሥቀናል። እርሷ ግን «እኔ የፈራሁት እዚህ ላይ ነው» አለች። «ጭራቅ ያየ ልጅ ይፈራል፤ እናቱ አቅፋ ታስተኛዋለች። ሰው ሲገደል መሣቅ የለመደ ልጅ ግን ወደ እናቱ አይመጣም፤ ምንም አልሆነምና።»

እኛ ከዚህ ቀደም የምንመረምረው የሚያስፈራውን ብቻ ነበር። የሚያሥቀውንም መመርመር እንደሚገባን ያስተማረችን እርሷ ናት።

ከዚህ በመነሣት ጥያቄዎቻችንን በአራት ከፈልናቸው፤ በየተራ እናቅርባቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለው ነው። ስለ ልጆች አስተዳደግ የሚያጠኑ ሰዎች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ትንንሽ ልጆችን የሚያስፈራቸው ዓይናቸው የሚያየው መልክ ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ «ይህ ልብ ወለድ ነው» የሚለው ማስረጃ እምብዛም አያጽናናቸውም፤ የሚያጽናናቸው እቅፍ፣ ብርሃንና የእናት ድምፅ ነው። ከፍ ያሉት ልጆች ደግሞ ጭራቁን ይንቁታል፤ እነርሱን የሚያሳስባቸው በእውነት ሊደርስ የሚችለው ነገር ነው። ስለዚህ ያንኑ ፊልም አንዱ ልጅ ሲጫወትበት ሌላው ይታመምበታል። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉትን በአንድ አንሶላ ፊት ማስቀመጣችን የመጀመሪያው ስሕተታችን ነበር።

«ታዲያ ፊልሙ ላይ የዕድሜ ምልክት የለውምን?» ትሉን ይሆናል። አለው። በአሜሪካ የተሰጠው ምልክት «ፒጂ» ነው፤ ከወላጅ ምክር ጋር ይታይ ማለት ነው። ነገር ግን የዚህን ምልክት ታሪክ ስሙ። ፊልሙ መጀመሪያ ለመርማሪዎቹ ሲቀርብ ከክፉዎቹ የአንዱ ራስ የሚፈነዳበት ቦታ ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በላዩ የእሳት ነበልባል ተጨምሮ ተጋረደ፤ ከዚያ በኋላ ይህ ቀለል ያለው ምልክት ተሰጠው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም.፣ የዚሁ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ወጣ። በዚያም የሰው ልብ ከደረቱ ሲወጣ ስለሚታይ ወላጆች ብዙ አማረሩ። ምልክቱ ያው «ፒጂ» ነበርና። ከዚህ የተነሣ በዚያው ዓመት «ፒጂ 13» የሚባል አዲስ ምልክት ተፈጠረ፤ ይህም ፊልሙ ከ13 ዓመት በታች ላሉት ላይስማማ ስለሚችል ወላጆች በብርቱ እንዲጠነቀቁ የሚያሳስብ ነው። አሳቡን ካቀረቡት ሰዎች አንዱ ራሱ ስፒልበርግ ነበረ። የመጀመሪያው ፊልም ግን የተሰጠው ምልክት አዲሱ ከመፈጠሩ በፊት ነው። እንግዲህ ምልክቱ ይረዳናል፤ ነገር ግን የሌላ አገር ሰዎች፣ በሌላ ዘመን፣ ለሌሎች ልጆች የሰጡት ምክር ነው። የልደታን ልጅ የሚያውቀው የልደታ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ልጁ ምን አሳልፏል?» የሚለው ነው። በዚህ ሰፈር የሚኖሩ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ኑሮ አልኖሩም። አንዳንዶቹ ጭቃ ቤታቸው ፈርሶ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ፣ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አዲስ ኑሮ የጀመሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ከጦርነት አካባቢ ሸሽተው ከዘመድ የተጠጉ ናቸው። ለአንዱ ልጅ የጠመንጃ ድምፅ የፊልም ድምፅ ነው፤ ለሌላው ግን ያ ሌሊት ነው። ይህን የሚያውቁት ቤት ለቤት የሚዞሩት ማኅበራዊ ሠራተኞቻችን ናቸው። ስለዚህ ከእነርሱ ጋር ስም በስም ሳንነጋገር ማንኛውንም የጦርነት ፊልም አንከፍትም ብለን ወስነናል።

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኛ ከሁሉ የከበደው ነው፤ «ፊልሙ ጎረቤቶቻችን የሚያከብሩትን እንዴት ይነካል?» የሚል ነው። የምንገኘው በልደታ ማርያም ጥላ ሥር ነው። ግንቦት 1 ቀን ንፍሮው በየደጁ ሲበላ ልጆቻችን ከልጆቻቸው ጋር ይበላሉ። ጥር 10 ቀን ታቦቱ ሲወጣ መንገዱን የሚጠርጉት ወጣቶች የአንድ ግቢ ልጆች ናቸው። በፕሮጀክታችን ከሚረዱት ልጆች ብዙዎቹ ከኦርቶዶክስ ቤት የመጡ ናቸው። ለአሜሪካ ልጅ የቃል ኪዳኑ ታቦት የጠፋ ዕቃ ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ግን አልጠፋም። ክብረ ነገሥት በሚተርከው መሠረት በቀዳማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን መጥቷል፤ በአክሱም ጽዮን ይገኛል፤ ኅዳር 21 ቀንም ይከበራል። የእኛ ጉባኤዎች ስለዚህ ነገር ያላቸው ትምህርት ሌላ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም እናቱ ስሙን ስትሰማ የምትሳለምለትን ነገር፣ መናፍስት የሚወጡበት ሣጥን አድርጎ ለልጇ ማሳየት፣ ያውም እርሷ ሳታውቅ፣ አደራ መብላት ነው። ነገ ይህ ልጅ ቤት ገብቶ «ዛሬ ታቦት ሲከፈት አየሁ» ቢላት እናቲቱ ምን ትላለች?

በሌላ በኩል ደግሞ ይህ ነገር ጥሩ የመማሪያ በር ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ታቦቱ በፈርዖን ሺሻቅ ተዘርፎ ወደ ግብፅ ሄደ ይላል። መጽሐፍ ቅዱስ ሺሻቅ የቤተ መቅደሱን መዝገብ እንደ ወሰደ ይነግረናል እንጂ ታቦቱን ወሰደ አይልም። ፊልሙ ታቦቱን የያዘ ሠራዊት አይሸነፍም የሚለውን የናዚዎች እምነት ያቀርባል። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ውስጥ ግን እስራኤላውያን ራሳቸው ታቦቱን እንደ መሣሪያ ተሸክመው ወጥተው ተሸነፉ፤ ታቦቱም ተማረከ። ቅዱሱን ነገር ለራስ ጉልበት መጠቀሚያ ማድረግ እንዴት እንደሚያልቅ አሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጅ ከዚህ ሊረዳ ይችላል፤ የሚያነብለትና የሚያስረዳው ካለ።

አራተኛው ጥያቄ «ልጁ ሲወጣ ማንን መሆን ይመኛል?» የሚል ነው። ኢንዲያና ጆንስ ደፋር ነው፤ የተማረ ነው፤ እባብ ይፈራል፣ እየፈራም ይገባል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ፊልሙ ሲጀመር የሚሠራውን ሥራ እንመልከት። የአንድ አገር ሕዝብ በቤተ መቅደሱ ያኖረውን የወርቅ ምስል አንሥቶ ይሮጣል፤ ባለቤቶቹ ቀስት ይዘው ሲያሳድዱት የምንሠጋው ለእርሱ ነው። ኢትዮጵያዊ ልጅ ይህን ሲያይ ምን ሊባል ይገባዋል? በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ የዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች መጫኑን ታሪክ ይናገራል። ከዚያ ከሄዱት ታቦታት 11 ያህሉ ለሕዝብ ሳይታዩ በእንግሊዝ ቤተ መዘክር ተቀምጠው ኖረዋል። አንዱ ታቦት በኤዲንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ የአዲስ አበባ ሕዝብ በእልልታ ተቀብሎታል። በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተወሰደው የአክሱም ሐውልትም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆሟል። ስለዚህ ልጆቻችንን «ሌባው ማን ነው?» ብለን ልንጠይቃቸው ይገባል። ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ተመልካች ፊልሙን አየ አይባልም።

የታሪኩ ዘመንም ለእኛ ባዶ ቁጥር አይደለም። 1936 እ.ኤ.አ. ማለት 1928 ዓ.ም. ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የሙሶሊኒ ጦር ወደዚህች ከተማ ገባ፤ በሰኔም ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት አሉ። በፊልሙ ውስጥ የሚያሥቁት ወታደሮች ወዳጆች በዚያን ጊዜ በአያቶቻችን ደጅ ላይ ነበሩ። ይህን የሚነግረው አዛውንት በአጠገቡ የተቀመጠ ልጅ ከፊልሙ የበለጠ ነገር ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ ውሳኔያችን እንምጣ። ሽማግሌውም ወጣቱም የየድርሻቸውን ተዉ። ከ13 ዓመት በታች ላሉት ፊልሙ እንዳይታይ ተስማማን። ለእነርሱ በዚያው ሰዓት በሌላ ክፍል ተረትና የእጅ ሥራ ተዘጋጀ። 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው፣ ወላጆቻቸው ምን እንደሚታይ በቃልም በወረቀትም ተነግሮአቸው ሲፈቅዱ ብቻ፣ ከወላጅ ወይም ከታላቅ ጋር እንዲያዩት ተወሰነ። ከሃያ አራት ወላጆች አምስቱ አልፈቀዱም፤ ለምን ብለን አልጠየቅናቸውም፤ ልጆቻቸውም እንዳያፍሩ ተረት ለሚያነቡት አጋዥ አደረግናቸው። ፊልሙን በሦስት ቦታ አቁመን መብራት አብርተን እንድንነጋገር ተስማማን፤ በገበያው፣ በወርቁ ምስልና በመጨረሻው ላይ።

ስለ አሠራሩም ነገርናቸው። የቀለጠው ፊት ከጄላቲን የተሠራ ራስ ሆኖ በሙቀት ቀስ በቀስ ሲቀልጥ ተቀርጾ በፍጥነት እንዲታይ የተደረገ ነው። በእባቡና በተዋናዩ መካከል መስተዋት ነበረ። የሚንከባለለው ትልቅ ድንጋይ ድንጋይ አይደለም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ፍርሃታቸው ወደ ጥበብ ፍላጎት ተለወጠ፤ አንዱ ልጅ «እኔም ልሠራው እችላለሁ» አለ።

በገበያው ቦታ ስናቆም ሁሉም ሥቀው ነበር። መብራቱን አብርተን «ይህ ሰው ቤት የለውም?» ብለን ጠየቅን። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ «ምናልባት ልጆች ነበሩት» አለች። አንድ ወንድ ልጅ ግን «ፊልም እኮ ነው!» ብሎ ተከራከራት። እኛ ጣልቃ አልገባንም። ክርክራቸው ሻይ እስኪቀርብ ድረስ አላለቀም።

ሁሉ ነገር ግን እንዳሰብነው አልሆነም። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ከመስኮቱ ውጭ የሹክሹክታ ድምፅ ሰማን። ስንወጣ ከተረት ክፍል የጠፉ ሦስት ትንንሽ ልጆች በጡብ ላይ ቆመው በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያዩ አገኘናቸው። አንደኛዋ ያቺው የአምናዋ ልጅ ነበረች፤ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ልባችን ወደቀ። በሩን ጠብቀን መስኮቱን ረስተን ነበር።

በዚያኑ ማታ አንድ ሠራተኛ ከእርሷ ጋር ቤቷ ሄደ፤ የሆነውንም ሳይሸሽግ ለእናቷ ነገራት። እናቲቱ ልጅቱን ጠራቻትና «ምን አየሽ?» አለቻት። ልጅቱም «ሣጥኑ ሲከፈት ሰውየው ለሴትዮዋ ዓይንሽን ጨፍኚ ሲላት እኔም ጨፈንኩ» አለች። በእርግጥም በፊልሙ ውስጥ እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች የዳኑት ዓይናቸውን በመጨፈናቸው ነው። እናቲቱ ያን ሌሊት መብራት ሳታጠፋ አጠገቧ አስተኛቻት፤ በማግሥቱም ሥራዋን አላቋረጠችም። ይህን የምንነግራችሁ ጥፋታችን ቀላል ነበር ለማለት አይደለም። አምና እናቲቱ በአራተኛው ቀን ወደ እኛ መጣች፤ ዘንድሮ ግን እኛ በዚያው ማታ ወደ እርሷ ሄድን። የተማርነው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፣ ለልጆች ደኅንነት የሚሠሩ ድርጅቶች ሁሉ ከማንኛውም ነገር በፊት የልጁን ጥቅም እንዲያስቀድሙ ያዝዛል። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነትም ልጆች ጠቃሚ ዕውቀት እንዲያገኙም ከሚጎዳቸው ነገር እንዲጠበቁም በአንድነት ይጠይቃል። ማገድ ብቻውን ቀላል ነው፤ መፍቀድም ብቻውን ቀላል ነው። የሚያደክመው ሁለቱን አብሮ መያዝ ነው።

ስለዚህ ለየፕሮጀክቶቻችንና ለየቤታችን የሚከተለውን በትሕትና እናሳስባለን። ማንኛውንም ፊልም ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ ከሁለቱም አንዱ ወላጅ ሆኖ፣ እስከ መጨረሻው አይተውት ካልሆነ ለልጆች አይከፈት። ልጆች በዕድሜ ተለይተው ይቀመጡ። ሲመረመር የሚያስፈራው ብቻ ሳይሆን የሚያሥቀውም ይመርመር። ወላጅ አስቀድሞ ይወቅ፤ እንቢ ያለም ልጁ እንዳያፍር ይደረግ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ልጆች ሳይነጋገሩ አይበተኑ። አንድ ልጅ ከተጎዳም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይኬድ።

አምባሳደርም ሄዳችሁ ሆነ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ ያደጋችሁ አባቶችና እናቶች ብዙ ፊልም ብቻችሁን አይታችኋል። የሚጠይቃችሁ አልነበረም፤ ያያችሁትንም ለማን እንደምትነግሩ አታውቁም ነበር። ለልጆቻችሁ ከዚህ የተሻለ ነገር ልትሰጡ ትችላላችሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አጠገባቸው ሁለት ሰዓት መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በሚመጣው ቅዳሜ ሌላ ፊልም ለመመርመር እንሰበሰባለን። ሁለት እናቶችና አንድ አባት ያስፈልጉናል። ቆሎና ሻይ ይኖራል። መስኮቱን እንዘጋለን።